የጭነት በሩን የመጋዘን በር አታድርጉት

ወገኖቼ፣ ይህ ቃል አውሮፕላን ለምትጭኑና ለምታራግፉ፣ ቤልት ሎደር (ሻንጣን በሚንቀሳቀስ ቀበቶ ወደ አውሮፕላን በር የሚያወጣ ተሽከርካሪ) ለምትነዱ፣ ኮንቴይነር ለምትገፉ፣ በላያችሁም ሰዓት ይዞ ለሚያጣድፍ ኃላፊ ነው። አውሮፕላን ከፍታውን ሲይዝ በውስጡና በውጭው መካከል ያለው የግፊት ልዩነት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ከ5 ቶን በላይ ይገፋል። የትልልቆቹ አውሮፕላኖች የጭነት በር ደግሞ ስፋቱ ከ4 ካሬ ሜትር ይበልጣል። እንግዲህ አስሉት። ከ20 ቶን የማያንሰውን ግፊት የሚችሉት በሩ፣ መቃኑ፣ ደፉና ጥቂት የመቆለፊያ ምላሶች ናቸው። እናንተ ግን ደፉ ላይ ሣጥን ትጎትታላችሁ፣ መቃኑን በኮንቴይነር ማዕዘን ትገጫላችሁ፤ ከዚያም «ቀለም ነው የተላጠው» ብላችሁ ታልፋላችሁ።

ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው መሣሪያው ገና ሲጠጋ ነው። የአውሮፕላኑ ሞተር ሳይጠፋ፣ ብልጭ ድርግም የሚለው ቀይ መብራት ሳይቆም፣ ታኮ ሳይገባ አትጠጉ። ራቅ ብላችሁ ፍሬን ሞክሩና ሙሉ በሙሉ ቁሙ፤ ከዚያ በእግረኛ ፍጥነት፣ ምልክት ሰጪውን እያያችሁ ግቡ። እሱ ከዓይናችሁ ከተሰወረ እናንተም ቁሙ። ሎደሩ ፊት ላይ ያለው የግጭት መከላከያ ጎማ ለክፉ ቀን እንጂ አውሮፕላኑ ላይ ለመደገፍ አልተሠራም፤ ከገላው ጋር ክፍተት ይኑረው።

ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው ግን የቆመ አውሮፕላን ከፍታው እንደሚለዋወጥ ነው። ነዳጅና ጭነት ሲገባበት ወደ ታች ይወርዳል፤ ሲራገፍ ቀስ እያለ ይነሳል። ሲጫን ወደ ውጭ የተከፈተው በር በሎደሩ የእጅ መደገፊያ ላይ ይወርዳል። ሲራገፍ ደግሞ ደፉ ከታች ተነሥቶ፣ ወደ ውስጥ የገባውን የቤልት ጫፍ ይመታል። ስለዚህ የቤልቱን ጫፍ በበሩ አፍ ውስጥ አትስኩት፤ ሎደሩን አስጠግቶ ሻይ መሄድም የለም። አንድ ሰው ክፍተቱን እያየ ከፍታውን ያስተካክል።

ኮንቴይነርና ፓሌት (ጭነት የሚደረደርበት ጠፍጣፋ መደብ) ሲጫን ሎደሩ ከወለሉ ጋር ካልተስተካከለ የኮንቴይነሩ የታች ጠርዝ ደፉን ይፍቀዋል፣ ደፉ ላይ ያሉትን ማቆሚያዎችም ያጣምማል። ጎኑ የተቀደደ፣ ያበጠ ወይም ማሰሪያው የተንጠለጠለ ኮንቴይነር ከመሬት ይመለስ፤ በሩ ዙሪያ ያለውን ማሸጊያ ጎማ የሚቀደው እሱ ነው። የደፍ መሸፈኛ ካለ አንጥፉት፤ በሩ ከመዘጋቱ በፊት ደግሞ አንሡት። ደፉንም ጥረጉ። የተሰበረ የሻንጣ ጎማ፣ ጠጠር፣ ቁራጭ ማሰሪያ በማሸጊያው ጎማ ላይ ከቀረ በሩ በደንብ አይገጥምም።

እንደ ቦይንግ 737 የጭነት በሩ ወደ ውስጥ በሚከፈት አውሮፕላን ላይ የበሩን መረብ ሳታስሩ አትዝጉ። መረቡ ካልታሰረ ሻንጣው በበረራ ላይ ተንሸራቶ በሩን ከውስጥ ይደግፈዋል፤ ሲያርፍ የሚቀበለው ሰውም በትከሻው እየገፋ ማጠፊያውን ያጣምመዋል። ነፋስ ሲያይል በአምራቹ መመሪያ የተጻፈውን ወሰን ጠይቁ፤ በግምት አትክፈቱ።

መያዣው እምቢ ካለ ጉልበት አትጨምሩበት። እ.ኤ.አ. በ1972 በዲትሮይት አንድ ሠራተኛ የዲሲ-10 አውሮፕላንን የኋላ ጭነት በር መያዣ በጉልበቱ ገፍቶ ዘጋው። ምላሶቹ ግን በትክክል አልያዙም ነበር፤ በሩ ከዊንዘር ከተማ በላይ ተገንጥሎ ወደቀ። በዚያ በረራ የሞተ ሰው አልነበረም። በ1974 በፓሪስ አጠገብ በተመሳሳይ በር ምክንያት 346 ሰዎች አለቁ። ዋናው ጥፋት የንድፉ ነበር፤ በዲትሮይት መያዣው በግድ መዘጋቱ ግን ያንን ጥፋት ሸፈነው። ስለዚህ መያዣው ሲጠነክርባችሁ መልሳችሁ ክፈቱ፣ ደፉን እዩ፣ ቴክኒሻን ጥሩ።

አሁን ወደሚያስቆጣኝ ነገር ልምጣ፦ መምታት ሳይሆን መደበቅ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2005 በሲያትል አንድ የራምፕ (የአውሮፕላን ማቆሚያ ሜዳ) ሠራተኛ በመሣሪያ የኤምዲ-83 አውሮፕላንን ገላ በጭነት በሮቹ መካከል ነካና ዝም አለ። አውሮፕላኑ 26,000 ጫማ ገደማ ሲደርስ የተጎዳው ቆርቆሮ ተቀዶ 30 በ15 ሴንቲሜትር የሚሆን ቀዳዳ ተከፈተ፤ የካቢኔው ግፊትም ጠፋ። አብራሪዎቹ በሰላም መለሱት። ቆርቆሮ እንኳ ጭረት ያሳያል፤ የካርቦን ፋይበር ገላ ግን ከላይ ምንም ሳይታይበት ከውስጥ ሊሰነጠቅ ይችላል። «ምልክት የለውም» ማለት እዚያ አይሠራም።

እናንተ ኃላፊዎች ደግሞ፣ የተናገረውን ቀጥታችሁ ዝም ያለውን ካለፋችሁ ነገ የሚነግራችሁ አይኖርም። የመታ ሰው ሥራውን ያቁም፤ ምን፣ የት፣ በምን እንደመታ ለኃላፊውና ለፓይለቱ ይንገር፤ ቦታውን በጨርቅ አያሽ፣ ሎደሩንም ከቆመበት አያንሳ። ቴክኒሻኑ አይቶ መዝገቡ ላይ እስኪፈርም ድረስ ሰዓቱ ቢያልፍም አውሮፕላኑ አይነሳም።