ጨውና ኮምጣጤ ላድርግበት?

ባለፈው ወር ለታላቅ እህቴ ደውዬ «ሰፈራችን ያለው ዓሣ ጥብስ ቤት ተዘጋ» አልኳት። እሷ የምትኖረው አሞራ ገደል የሚባለው የሐይቅ ዳር የዓሣ ገበያ ያለበት ሐዋሳ ነው። ዝም ብላ አዳመጠችኝና «አንተ አሞራ ገደል ሥር አድገህ ለፈረንጅ ዓሣ ትተክዛለህ እንዴ?» አለችኝ። መልስ ነበረኝ። ግን በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ሆኖ አላገኘሁትም። እስቲ እዚህ ልሞክረው።

የምኖረው ሰሜን እንግሊዝ፣ ሊድስ ነው። 19 ዓመት ሆነኝ። ዓሣና ድንች ጠብሶ የሚሸጠውን ቤት እዚህ «ቺፒ» ይሉታል። የኛ ሰፈሩ ከአንድ ክፍል አይበልጥም ነበር። መስኮቱ ክረምት ከበጋ እንደላበው ነው። መቀመጫ የለውም፣ ቆመህ ትሰለፋለህ። ከባንኮኒው ጀርባ ረጅም የብረት መጥበሻ አለ፣ ከመጥበሻው በላይ ደግሞ ተጠብሶ የወጣው ዓሣ እንዳይቀዘቅዝ የሚደረደርበት የመስታወት ሳጥን። ዓሣው አጥንቱ የወጣለት ነው። ብዙ ቦታ ኮድ የሚባለውን ይጠብሳሉ፣ ሊድስ ያለችበት አውራጃ፣ ዮርክሸር፣ ግን ሃዶክ የሚባለው ዓሣ ነው የሚወደደው። ሰውየው ቁራጩን ከዱቄት ብጥብጡ ያወጣና በጅራቱ በኩል ይዞ፣ ጫፉን ብቻ አስነክቶ፣ ከራሱ ወዲያ እየገፋ ቀስ ብሎ ይለቀዋል። ሲንቸሰቸስ ሰልፍ ላይ ያለው ሰው ወሬውን ያቆማል። ሊጡ ወዲያው ይነፋና እያየኸው ወርቅማ ይሆናል። ድንቹ እንደ ጣት ወፍሮ የተቆረጠ ነው። ነጭ ወረቀት ላይ ይዘረገፋል፣ ዓሣው ከላዩ ይጋደማል። ከዚያ ሚስትየው ቀና ብላ ትጠይቅሃለች።

«ጨውና ኮምጣጤ ላድርግበት፣ ላቭ?»

«ላቭ» ቃል በቃል ፍቅሬ እንደማለት ነው። ዮርክሸር ውስጥ ግን ሹፌሩም፣ ባለሱቋም፣ ነርሷም ለማያውቁት ሰው ይሉታል። ከኛ «የኔ ልጅ» ወይም «የኔ ዓለም» የሚርቅ አይደለም። ያን ጊዜ የጥገኝነት ጉዳዬ አልተወሰነም ነበር። በየቢሮው በቁጥር ነበር የምጠራው። ደብዳቤ ሲመጣ እጄ ይንቀጠቀጣል። ሳምንቱን ሙሉ በቁልምጫ የሚጠራኝ ሰው ያቺ ሴትዮ ብቻ ነበረች፣ እሷም ይሄን እንደምታደርግልኝ አታውቅም። እህቴ፣ መልሱ እዚህ ላይ ይጀምራል።

ባልና ሚስቱ ራሳቸው ፈረንጅ የምንለው ዓይነት እንግሊዛዊ አልነበሩም። ከቆጵሮስ የመጡ ግሪኮች ናቸው። ይሄ እዚህ አገር የተለመደ ነው። ብዙ ቺፒ ቤቶችን የያዙት ቆጵሮሳውያንና ቻይናውያን ናቸው፣ ስኮትላንድ ውስጥ ደግሞ ጣሊያኖች። ከሥሩ ብትነሣ ነገሩ የባሰ ነው። ዓሣ በዱቄት ለውሶ መጥበስን ወደ እንግሊዝ ያመጡት ከስፔንና ከፖርቱጋል የተሰደዱ አይሁዶች ናቸው ይባላል። ድንቹም ቢሆን ከደቡብ አሜሪካ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መጀመሪያ የሸጠው ማን ነው የሚለው እስካሁን ያከራክራል። የለንደን ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1860 ገደማ በምሥራቅ ለንደን የከፈተው ጆሴፍ ማሊን የሚባል አይሁዳዊ ነው ይላሉ። የሰሜን ሰዎች ደግሞ የለም፣ በ1863 ገደማ ሞስሊ በምትባል ከተማ ከእንጨት ዳስ ውስጥ ይሸጥ የነበረው ጆን ሊዝ ነው ይላሉ። ማንም ይሁን ማን፣ ዛሬ የእንግሊዝ መለያ ተብሎ የሚጠራው ምግብ ከስደተኛ ጓዝ የወጣ ነው። ይሄን ያወቅሁ ቀን ደስ አለኝ። እኛም ቦንቦሊኖውን ከጣሊያን ወስደን የራሳችን የቁርስ ምግብ አድርገነዋል፣ ማንም የባዕድ ነው ብሎ አይበላውም አላለም።

የጾሙን ነገር ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም።

ረቡዕና አርብ የጾም ቀን ነው። ዓሣ ይበላል፣ አይበላም የሚለው ክርክር እኛ ዘንድ ዛሬም አላለቀም፣ እኔ ግን ያደግሁት ሳልበላ ነው። ስለዚህ በጾም ቀን ድንቹን ብቻ እገዛ ነበር። ድንችና ጨው ምን ጣጣ አለው ብዬ። ወራት እንዲህ ሄዱ። አንድ አርብ ሴትዮዋ «ሁልጊዜ አርብ ዓሣ የማትወስደው ለምንድን ነው?» አለችኝ። ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እጾማለሁ አልኳት። ማንኪያዋን አስቀመጠችና «እኔም ኦርቶዶክስ ነኝ» አለችኝ። ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የነገረችኝን አልረሳውም። ለካስ ዮርክሸር ውስጥ ዓሣውም ድንቹም የሚጠበሰው በቀለጠ የበሬ ሞራ ነው! ደቡብ እንግሊዝ በአብዛኛው የአትክልት ዘይት ይጠቀማሉ፣ እዚህ ግን በሞራ ካልተጠበሰ ዓሣ አይባልም፣ ጣዕሙ ከሱ ነው። ክው አልኩ። ለንስሐ አባቴ ደውዬ ነገርኳቸው፣ «ሳታውቅ ነው ልጄ» ብለው አጽናኑኝ። በሚቀጥለው አርብ ስሄድ ሴትዮዋ ከጓዳ በትንሽ ድስት፣ በዘይት፣ ለብቻው ድንች ጠብሳ ጠበቀችኝ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት እንዲሁ አደረገች። አንድ ቀን ጭማሪ አስከፍላኝ አታውቅም።

የሚገርመው አርብ የእነሱም ቀን መሆኑ ነው። ሰልፉ ከበር ውጭ የሚወጣው አርብ ማታ ነው። ልማዱ አርብ ሥጋ ከማይበላበት ከድሮው የክርስትና ሥርዓት የቀረ ነው። ጾሙን ብዙዎቹ ከተዉት ቆይተዋል፣ ዓሣው ግን ቀርቷል። ሰልፍ ላይ ቆሜ ይሄን ሳስብ፣ የዐቢይ ጾም ሲገባ ሐዋሳና ባሕር ዳር ዓሣ ፈላጊው እንዴት እንደሚበዛ ትዝ ይለኝ ነበር።

ሰልፉ ላይ የማውቃቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ የሐል ከተማ ሰው፣ በወጣትነታቸው ዓሣ አጥማጅ መርከብ ላይ የሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1968 ክረምት ከሐል የወጡ ሦስት መርከቦች በሳምንታት ውስጥ ተከታትለው ጠፍተው 58 ሰው እንደሞተ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ከዚያ አይስላንድ ባሕሯን በ200 ማይል አጥራ በ1976 የእንግሊዝ መርከቦችን ስታስወጣ የሐልና የግሪምስቢ ወደብ ሰው ሥራ ፈታ። አሁን ኮዱና ሃዶኩ በብዛት የሚመጣው እዚያው ባሕር ላይ በረዶ ሆኖ ከአይስላንድ፣ ከኖርዌይና ከሩሲያ በኩል ነው። ሽማግሌው ሲናገሩ ዓይናቸው መጥበሻው ላይ ነበር። ተራቸው ሲደርስ ትንሹን ዓሣና የአተሩን ወጥ ያዝዛሉ። አተሩ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ እስኪላላ የተቀቀለ ነው፣ እርድ ብቻ ቢገባበት የኛ አልጫ ክክ ነበር የሚመስለው።

እና ምርቃት ነበር። ከመጥበሻው የሚለቀመውን የሊጥ ፍርፋሪ «ስክራፕስ» ይሉታል፣ በነፃ ነው የሚጨመርልህ። ልጆች «ስክራፕስ ጨምሪልኝ» ሲሏት፣ ገበያ ላይ «ኧረ መርቂልኝ» ስትል የነበረችው እናቴ ናት የምትታየኝ። ድሮ ደግሞ የሚጠቀለለው በጋዜጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለጤና ተብሎ ቀረ። የሐልው ሽማግሌ ዛሬም የጋዜጣውን ሽታ ያነሣሉ። እኔም ቆሎና ለውዝ በጋዜጣ ተጠቅልሎልኝ ያደግሁ ሰው ስለሆንኩ ምን እንደናፈቃቸው ለመረዳት አልተቸገርኩም። ቆሎው ሲያልቅ ወረቀቱን ዘርግቼ የተቆረጠ ወሬ አነብ ነበር፣ መጨረሻውን ሳላውቅ የቀረሁት ስንት ዜና አለ።

ታዲያ ለምን ተዘጋ? እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ በመላ አገሪቱ ወደ 35,000 ገደማ ቺፒ ነበር፣ ዛሬ ከ10,000 ብዙም አይበልጥም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሥጋው፣ ቅቤው፣ ስኳሩ በኩፖን ሲታደል ዓሣና ድንች አልተመጠነም። የደርግን ዘመን የቀበሌ ኩፖን ያየ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሠራተኛው ሕዝብ ሆዱን የሚሞላበት ቤት ነበር። በጦርነት ያልተዘጋው ቤት በሌላ ጦርነት ተመታ። በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር የሱፍ ዘይቱ ጠፋ፣ በሩሲያ ዓሣ ላይ 35 በመቶ ቀረጥ ተጣለ፣ የጋዝና የመብራት ሒሳቡ ጣሪያ ነካ። በዚያ ላይ 20 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። አንድ ዓሣ ከነድንቹ አሁን ብዙ ቦታ ከ10 ፓውንድ በላይ ነው። አምስት ሆኖ ለሚበላ ቤተሰብ አስቡት። የድሆች ምግብ የነበረው ድሆች አስበው የሚገዙት ሆነ።

ቀሪውን የጨረሰው ስልክ ነው። ሰው ሶፋው ላይ ሆኖ ያዝዛል፣ ሞተረኛ ያመጣል። በዚህ ላይ አቋሜ የጠነከረ ነው። ይሄ ምግብ መንገድ አይችልም። ድንቹ ሳጥን ውስጥ ታፍኖ ይልባል፣ ሊጡ ይልፈሰፈሳል። ሰልፉ ሲቀር ደግሞ ሽማግሌውን የሚያገኛቸው ሰው የለም። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። የአርብ ሰልፍ ነበረቻቸው።

ባልና ሚስቱ አርጅተዋል። ልጆቻቸው ተምረው ሌላ ሥራ ይዘዋል፣ መጥበሻ ሥር ይቁሙ የሚልም የለም። የመጨረሻው አርብ ሰልፉ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ደረሰ። ተራዬ ሲደርስ ሴትዮዋ ሳትጠይቀኝ ከጓዳ ያችን ትንሽ ድስት አመጣች። እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

እህቴ ግን ልክ የሆነችበት ነገር አለ። ዓሣ የሚባለውን መጀመሪያ የቀመስኩት አሞራ ገደል ነው። ጎን ለጎን በቢላ ተተልትሎ፣ ከነጭንቅላቱ ደርቆ የተጠበሰ ቆሮሶ፣ በእጅ፣ በዳጣ። እዚያ ዓሣው ከሐይቁ ወጥቶ መጥበሻው ጋ የሚደርሰው በእግር ነው። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ ተደርድረው ትራፊ ይጠብቃሉ። ዊትቢ የሚባል የባሕር ዳር ከተማ ስሄድ የባሕር ወፎቹ ድንች ከእጅ ሲመነትፉ አሞራ ገደል ነው የሚታየኝ። እሷም እኮ ባለፈው ስታወራኝ ዓሣው አነሰ፣ ዋጋው አልቀመስ አለ ብላ አማርራ ነበር።

ሁለት ዓመት ሆነው፣ ልጄን ይዣት ሄጄ ነበር። ሊድስ ነው የተወለደችው፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ሐይቁ ዳር ቁጭ አልን። ጠባሿ ጥብሱን በሳህን አምጥታ ስታስቀምጥልን፣ ልጄ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ «ጨውና ኮምጣጤ አለ?» አለቻት። ሴትዮዋ ኮምጣጤውን አልሰማችውም መሰለኝ፣ ሎሚ ሰንጥቃ ዓሣው ላይ ጨመቀችላት፣ ዳጣውን በትንሹ ከጎን አደረገችና ራስዋን ዳበስ አደረገቻት።

«ይሄ ይሻልሻል፣ የኔ እናት።»