ክብር ለአራስ ጠያቂዎች!

ሐዋሳ ውስጥ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጠፋ የሚል ሰው አራስ ቤት ገብቶ አያውቅም። እህቴ ከወለደች ሦስት ሳምንቷ ነው። እስካሁን በትንሹ አርባ ባለሙያ አይቷታል። ካርድ የለ፣ ወረፋ የለ። የባጃጁን እንኳ ራሳቸው ከፍለው ነው የሚመጡት። ክፍያቸው አንድ ሳህን ገንፎና ሦስት ሲኒ ቡና ብቻ።

ፍጥነታቸውስ! ፈረንጆቹ የአራስን ስሜት ለማወቅ በ1987 እ.ኤ.አ. የኤድንብራ መጠይቅ የሚባል ነገር አወጡ። 10 ጥያቄ አለው። ባለፉት 7 ቀናት ስቀሽ ታውቂያለሽ? ራስሽን ትወቅሻለሽ? እያለ ይቀጥላል። ጎረቤታችን እትዬ ግን አንድ ይበቃቸዋል፦ «ወተት አለሽ?» ካለሽ ጤነኛ ነሽ።

እህቴ እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል። ልጁ ተኝቶም እሷ አትተኛም። ጤና ጣቢያ ያገኘናት ነርስ፣ የወለደች ሴት ሆደ ባሻ መሆኗ ያለ ነው፣ ከ2 ሳምንት ካለፈ ግን ድባቴ ሊሆን ስለሚችል ትታይ አለችን። ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች? እትዬ ዘጠኝ ወልደዋል። ምርመራውን ጫማቸውን ሳያወልቁ ጨረሱት፦ «ጥጋብ ነው!» ሌላዋ ጠያቂ «ነፋስ ገብቷት ነው» ብላ መስኮቱን ዘጋች። ሦስተኛዋ «ወልዶ ማልቀስ ጡር ነው» አለች። በአንድ ከሰዓት ሦስት በሽታ ተገኘባት። የትኛው ሆስፒታል ነው እንዲህ የሚቀላጠፈው?

ደግሞ አራስ ብቻዋን አትተውም። ክፉ መንፈስ እንዳይቀርባት ትራሷ ሥር ብረት አለ፤ ዙሪያዋን ዘጠኝ ሰው ተቀምጦ ስለ ጤፍ ዋጋ ይጫወታል። ፊቷን ወደ ግድግዳ ካዞረች «እንቅልፏ መጣ፣ ተመስገን» ይላሉ።

ባሏንም አልረሳሁትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሚስቱ ለወለደችለት ሠራተኛ 3 ቀን ፈቃድ ከነደመወዙ ይሰጣል። ሦስቱንም ቀን ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል፣ ዓሣ ፊት፣ «እንኳን ደስ ያለህ» ሲቀበል አሳለፋቸው። ድካሙ ገና አለቀቀውም።

ትናንት ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ እህቴ ተነስታ ነጠላዋን ለበሰች።

«በዚህ ፀሐይ ወዴት ነው?»

«ቀጠሮ አለኝ፣ እትዬ።»

«ለልጁ?»

«ለእኔ። ሰው ላናግር ነው።»

ቤቱ ጭጭ አለ። እትዬ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። ፊታቸው ጠቆረ።

«እኔ እያለሁልሽ?»