እንዶድ ከየት አገር ይቀዳል?

ሰሞኑን በቴሌቪዥን በተላለፈ አንድ ውይይት ላይ የዩኒቨርሲቲዎች በጀት ተነሥቶ ነበር። አንድ የተከበሩ ተወያይ ማይክሮፎኑን ጠጋ አድርገው ሁለት ነገር ተናገሩ። አንደኛው፣ በበጀት ዓመቱ ውስጥ ወደ ገቢ የማይለወጥ ጥናት የመንግሥት ገንዘብ ሊያገኝ አይገባም የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ያደጉት አገሮች ስለ አየር ንብረቱም፣ ስለ በሽታውም፣ ስለ ሰብሉም አጥንተው ጨርሰዋልና እኛ የእነሱን መቅዳት ይበቃናል የሚል። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔን ከንግግሩ ይልቅ ያናደደኝ ጭብጨባው ነው፤ ካጨበጨቡት መካከል በዚሁ በጥናት እንጀራቸውን የሚበሉ መምህራን ነበሩና።

ከመቅዳቱ እንጀምር። ተማሪ ፈተና ላይ የሚቀዳው ከጎኑ የተቀመጠው ልጅ ያንኑ ጥያቄ እየሠራ ከሆነ ነው። እኛ የደረሰን ጥያቄ ከጎናችን ያለው ልጅ ወረቀት ላይ ጭራሹን ከሌለስ? አንገታችንን አስግገን ምን ልናይ ነው?

ተወያዩ ስለ እንዶድ ሰምተው እንደሆነ እንጃ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን ጨርሰው ከተመለሱ ገና ብዙ አልቆዩም። ዓድዋ ወርደው ቢልሃርዚያ የተባለውን ከውሃ የሚይዝ በሽታ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች በየትኛው ወንዝ እንደሚገኙ ያጠኑ ነበር። ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ፣ አረፋው በሚወርድበት በኩል፣ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። ከዚያ ከፍ ብሎ ያሉት በሕይወት አሉ። ውሃው ያው ውሃ፣ ወንዙም ያው ወንዝ ነው። በመካከል የገባው እንዶዱ ብቻ ነበር፤ ያ ደርቆ የሚወቀጠው፣ ነጠላ የሚያነጻው፣ በየእናቶቻችን ጓዳ የማይጠፋው እንዶድ።

ለንደን ወይም ቦስተን የተቀመጠ ተመራማሪ ይህን ጥያቄ ሊጠይቅ አይችልም። እውቀት ስለጎደለው አይደለም፤ እንዶድ ሲወቀጥ ስላላየ ነው። እኛ ደግሞ ስንወቅጠው ኖረን፣ ከታች በኩል የሞተውንና ያልሞተውን ቁጭ ብሎ የሚቆጥር ሰው የተገኘው ዩኒቨርሲቲ ካቋቋምን በኋላ ነው። ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የፓቶባዮሎጂ ተቋም ከዚያ ቆጠራ ጋር አብሮ ያደገ ነው።

እስቲ የተወያዩን ሚዛን እናምጣና የአክሊሉ ለማን ሥራ እንመዝንበት። አክሊሉ ለማ በበጀት ዓመቱ መጨረሻ ተጠርተው «ምን ገቢ አስገባህ?» ቢባሉ ኖሮ መልሳቸው «የሞቱ ቀንድ አውጣዎች» ነበር። በጀቱም በዚያው ይዘጋ ነበር። ባይዘጋ ምን እንደመጣ ደግሞ የታወቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ ወንዞች በእንዶድ በተካሄደው የቁጥጥር ሥራ የበሽታው ሥርጭት ከ63 በመቶ ወደ 34 በመቶ ወረደ። በትንንሽ ልጆች ላይማ ከ50 ወደ 7 በመቶ ነው የወረደው። ከመጀመሪያው የሞተ ቀንድ አውጣ እስከዚህ ቁጥር ድረስ አሥር ዓመት! አሥር የበጀት መዝጊያ፣ አሥር ሰኔ።

ነገሩ በዚህም አላበቃም። ዓለም አቀፍ ተቋማት ለረጅም ጊዜ የእንዶድን ጥናት በጥርጣሬ ዓይን ነበር ያዩት። አንድም አፍሪካ ውስጥ በተሠራ ላብራቶሪ ሥራ ላይ እምነት አልነበራቸውም፤ ሁለትም ድሃ አገር ሊከፍለው የማይችል ተጨማሪ ምርመራ ይጠይቁ ነበር። አክሊሉ ለማና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ሲቀበሉ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1989 ሆኖ ነበር። ብዙም ሳይቆይ፣ ዜብራ መስል የተባለች ባለ ዛጎል ፍጥረት የአሜሪካን ታላላቅ ሐይቆች ወርራ የውሃ ቱቦዎችን ስትደፍን፣ መድኃኒቱ ከምን ተፈለገ? ከእንዶድ! እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የኦሃዮው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ አጠቃቀም ላይ የባለቤትነት መብት (ፓተንት) አወጣ። እንግዲህ ቀጂው ማን ነው? ተቀጂውስ? ያኔ የኢትዮጵያ ላብራቶሪ አይታመንም ያሉት ፈረንጆች ነበሩ። ዛሬ ያንኑ ቃል በአማርኛ፣ ያውም በጭብጨባ ታጅቦ ሰማነው።

የማሽላ ተመራማሪውን ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታን ጠቅሶ የሚሟገተኝ እንዳለ አውቃለሁ። የማሽላን ሥር የሚመጠምጠውን የአቀንጭራ አረም ጉዳይ የፈቱት አሜሪካ፣ ኢንዲያና ባለው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሆነው አይደለም ወይ ይለኛል። ነው። ግን የኢንዲያና ገበሬ አቀንጭራ የሚባል ነገር አያስጨንቀውም። ያንን ጥያቄ ይዘው የሄዱት በወሎንኮሚ ተወልደው አለማያ የተማሩት ሰው ናቸው። የአቀንጭራ ዘር አፈር ውስጥ ለዓመታት አድፍጦ ይቆያል፤ የሚነቃው የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል ሲደርሰው ነው። የእሳቸው ቡድን ይህን ምልክት እምብዛም የማያመነጭ ማሽላ ለየ። ጠላቱ በር ላይ ተኝቶ ማሽላው ድምፁን ሳያሰማ ያልፋል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙትም በዚህ ሥራ ነው። አለማያ በወቅቱ «ገቢህ ስንት ነው?» የሚል ኮሌጅ ቢሆን ኖሮ ፐርዱ ማንን ይቀበል ነበር?

ቡናውንም ሳልጠቅስ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ1964 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት የላከው ቡድን ከኢትዮጵያ የቡና ዘር ሰብስቦ ሄደ። ከዚያ ዘር የተገኙ ዛፎች ብራዚል ደርሰው በምርምር ማሳ ላይ ዝም ብለው ቆሙ። እ.ኤ.አ. በ2004 የብራዚል ተመራማሪዎች ወደ 3,000 ከሚጠጉ መሰል ዛፎች መካከል በተፈጥሯቸው ካፌይን የለባቸውም ለማለት የሚያስደፍሩ ሦስት ዛፎች ማግኘታቸውን አስታወቁ። አርባ ዓመት። በእኛ ተወያይ ሒሳብ እነዚያ ዛፎች እ.ኤ.አ. በ1965 ተቆርጠው ለማገዶ መዋል ነበረባቸው።

በየቤተ መጻሕፍቱ አቧራ የሚጠጣ ጥናት የለም አልልም፤ አለ። ለደረጃ ዕድገት ብቻ የተጻፈ አለ። ከሌላው ተገልብጦ አዲስ ሽፋን የለበሰም አለ። (መቅዳት ይበቃናል ያሉት ሰው እንኳ በዚህኛው ሊቆጡ አይገባም፤ ምክራቸውን የሰሙ ናቸው።) ግን አቧራው ከየት እንደሚመጣ ለማየት ላብራቶሪ ድረስ መሄድ ያስፈልጋል።

አንድ ወዳጄ፣ ስሙን በማልጠቅሰው ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ባለፈው ዓመት ያማክራት የነበረች የማስተርስ ተማሪ የስምጥ ሸለቆን የጉድጓድ ውሃ ነበር የምታጠናው። በዚያ አካባቢ ውሃው ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የሕፃናቱን ጥርስ ያበልዛል፣ ሲብስ አጥንት ያጎብጣል። ልጅቷ የፈለገችው የሸክላ ሠሪዎች ቀይ አፈር ተተኩሶ ፍሎራይዱን ያጣራ እንደሆነ ማየት ነው። ውሃውን በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድታ፣ በየጠርሙሱ ላይ የቀበሌውን ስም በፕላስተር ለጥፋ፣ ካርቶኑን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በአውቶቡስ ታመጣዋለች። ለምርመራው የሚያስፈልገው ኬሚካል ግን ሦስት ፕሮፎርማ ይሰብሰብ ተባለ። ተሰበሰበ። አንደኛው ማኅተሙ አይነበብም ተብሎ ተመለሰ። ከዚያ የውጭ ምንዛሪ፣ ከዚያ ጉምሩክ። ልጅቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሌላ መሥሪያ ቤት መለኪያ እየተዋሰች እንደምንም ጨርሳ ተመረቀች። ኬሚካሉ ከምረቃዋ ሁለት ወር በኋላ ገባ፤ የአገልግሎት ጊዜው አልፎበት። ካርቶኑ እስከ ዛሬ ደረጃው ሥር ተቀምጧል። አቧራ የሚጠጣውን ዕቃ የሚፈልግ ካለ እሱን ይመልከት።

ዘንድሮ ሌላ ተማሪ ሥራውን ልትቀጥለው ተነሥታለች። የጥናት ገንዘብ መጠየቂያው ቅጽ ላይ አዲስ ዓምድ ተጨምሮ ጠበቃት፤ «በበጀት ዓመቱ የሚጠበቅ ገቢ (በብር)» ይላል። ወዳጄ ቅጹን ይዞ ደወለልኝ። «አንድ ሕፃን ጥርሱ ሳይበልዝ ቢያድግ ስንት ብር ብዬ ልሙላ?» አለኝ። የተወያዩን ስልክ አፈላልገህ እሳቸውን ጠይቅ አልኩት።