እርማት፦ ከክፍል መውጣት ሁሉ ሽርሽር አይደለም

ወንድሜ፣ «ተማሪን ፋሲል ግቢ ወስዶ ማዞር ሽርሽር ነው፤ በተግባር መማር የሚሉትም ከውጭ የመጣ ፋሽን ነው» ብለሃል። ብዙ ወላጅ እንዲህ ስለሚያምን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከኋለኛው ልጀምር። እዚሁ ጎንደር የቅኔ ተማሪ ሕጉን ሸምድዶ ብቻ አይመረቅም። ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም የራሱን አዲስ ቅኔ ያዘጋጃል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፣ በማግስቱ ሌላ ይዞ ይመጣል። ይህ ከማን ተቀዳ? በ1954 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የጤና ኮሌጅም፣ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ እየላከ ነው ያሠለጠነው።

ሽርሽር ላልከው ደግሞ፣ ማዞር ብቻ ከሆነ እውነትህን ነው። አሜሪካዊው የትምህርት ፈላስፋ ጆን ዱዊም በ1938 እ.ኤ.አ. ልምድ ሁሉ እኩል እንደማያስተምር ጽፏል። ልዩነቱን የሚያመጣው ከጉብኝቱ በፊትና በኋላ የሚነሣው ጥያቄ ነው። አንድ ጊዜ ተማሪዎቼን ይዤ ስሄድ አንዲት ልጅ መዳፏን ግንቡ ላይ አሳርፋ «ሲሚንቶ ሳይኖር ድንጋዩን ምን ያዘው?» አለችኝ። መልሱን አልነገርኳትም። በድንጋዮቹ መጋጠሚያ ያለውን ነጣ ያለ ነገር ቀርባ አየች፣ አስጎብኚውን ጠየቀች፣ ኖራ መሆኑን ደረሰችበት። በሳምንቱ በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ ኖራ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ እንዴት እንደሚጠነክር ለክፍሉ ያስረዳችው እሷ ነበረች።