ጭሱን አይታችሁ ትምህርቱን ረሳችሁ

ወገኖቼ፣ እዚህ አሜሪካ ልጅ የምታሳድጉ ሁሉ፣ ቃሌ ቢመርራችሁም ስሙኝ። ራሴንም ከወቀሳው አላወጣም።

ጃንዋሪ 28 በመጣ ቁጥር ያንኑ ምስል ትላላካላችሁ፦ ጥርት ያለ ሰማይ፣ ለሁለት የተሰነጠቀ ነጭ ጭስ። ከንፈር ትመጥጣላችሁ። የጠፈር መንኮራኩሯ ቻሌንጀር በ1986 በተነሣች በ73ኛው ሰከንድ ከሰባት ሰዎች ጋር እንደጠፋች ታውቃላችሁ። ከሰባቱ አንዷ፣ ክሪስታ ማካሊፍ፣ ምን ልታስተምር ወጥታ እንደነበር ግን ማን ይነግረኛል?

በኒው ሃምፕሸር፣ ኮንኮርድ ከተማ፣ የሁለተኛ ደረጃ የኅብረተሰብ ትምህርት አስተማሪ ነበረች። ከ11,000 በላይ መምህራን አመልክተው እርሷ ተመረጠች። ፕሬዚዳንት ሬገን በ1984 ከተራው ዜጋ መጀመሪያ ወደ ጠፈር የሚሄደው መምህር ይሁን ብለው ነበር። ልብ በሉ፤ ሐኪም አላሉም፣ ጠበቃም አላሉም።

ሥራዋ ጠፈር ላይ ሆና ሁለት ትምህርት በቀጥታ መስጠት ነበር። በአንዱ እንግዳ እንደሚያስጎበኝ ባለቤት የመንኮራኩሯን ውስጥ ልታሳይ፣ በሌላው ሰው ለምን ጠፈር እንደሚወጣ ልታስረዳ። በጋሪ ወደ ምዕራብ እንደተጓዙት የድሮ ሴቶች የዕለት ማስታወሻም ልትጽፍ አስባ ነበር። በዚያ ጠዋት ተማሪዎቿ የድግስ ቆብ ደፍተው፣ ጥሩንባ ይዘው ቴሌቪዥን ፊት ይጮኹ ነበር። ጭሱ ሲሰነጠቅ ወዲያው አልገባቸውም። (የዚያ ጠዋት ብርድ የሮኬቱን የጎማ ማሸጊያ ያደነድነዋል ብለው መሐንዲሶች በዋዜማው አስጠንቅቀው ሰሚ ማጣታቸው ራሱን የቻለ ተግሳጽ ነው፤ ለሌላ ቀን ይቆየን።)

ባለፈው ዓመት አንድ የክርስትና ድግስ ላይ የ11 ዓመት ልጅ ምን መሆን እንደምትፈልግ ተጠየቀች። «አስተማሪ» አለች። እናቷ እንጀራ እየጨመረች «ወይ ጉድ! ሌሊት ሌሊት የምሠራው ለዚህ ነው?» አለች። ገበታው በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ። ልጅቷ ሳህኗ ላይ አቀረቀረች።

ከየኔታ እግር ሥር ፊደል የቆጠርን ሰዎች ነን እኮ! የሞተችውን መምህርት እናለቅሳለን፤ ልትሆን የፈለገችውን እናሳፍራለን። የልጃችሁን መምህር ስም ሳትጠይቁ ውጤቱን ብቻ የምትቆጥሩትም እዚሁ ገበታ ላይ ነበራችሁ።

የማካሊፍ ተጠባባቂ የነበረችው የአይዳሆዋ መምህርት ባርባራ ሞርጋን 21 ዓመት ቆይታ በ2007 ኢንደቨር በምትባል መንኮራኩር ወደ ጠፈር ወጣች። በ2018 ደግሞ ሁለት ጠፈርተኞች፣ ሁለቱም የቀድሞ መምህራን፣ ማካሊፍ ሳትሰጣቸው የቀሩትን ትምህርቶች ከፊሎቹን በጠፈር ጣቢያው ሠርተው ቀረጹ። በውኃ የምትሟሟ ኪኒን አረፋዋ እዚያ ወዴት እንደሚሄድ ታያላችሁ። ለልጆቻችሁ ጭሱን ተዉና ይህን አሳዩ።

እኔ በመጪው ቅዳሜ ያቺን ልጅ ይቅርታ ልጠይቅ እሄዳለሁ። አብራችሁኝ የሳቃችሁ ራሳችሁን ታውቃላችሁ፤ መኪናዬ ውስጥ ቦታ አለ።