ምንም ያልጎደለበት ስርቆት

«ዋናውን ጥፋተኛ መሃል ላይ ካሳያችሁን ምኑን ነው የምንመረምረው?» አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1935 በሠራው «ሠላሳ ዘጠኙ ደረጃዎች» ፊልም ላይ የሚነሳው ቅሬታ ይህ ነው። ግድያም ስለላም ቢኖርበት ነገሩ ሩጫ ነው እንጂ ምርመራ አይደለም ይሉታል። እኔ ደግሞ ይህን ያህል የጠበቀ የምርመራ ፊልም ጥቂት ነው ባይ ነኝ። ቅር የተሰኙት የሳቱት ጥያቄውን ነው። (ዘጠና ዓመት ያለፈው ፊልም ስለሆነ መጨረሻውን አልደብቅም።)

ከካናዳ የመጣው ሪቻርድ ሃኔይ ለንደን ውስጥ አንድ የትርዒት አዳራሽ ይገባል። መድረኩ ላይ ሚስተር ሜሞሪ የሚባል፣ የተጠየቀውን ሁሉ በቃሉ የሚመልስ ሰው አለ። ሃኔይ ከዊኒፔግ እስከ ሞንትሪያል ምን ያህል ይርቃል ቢለው 1,424 ማይል ይለዋል። ከዚያ ተኩስ ይሰማል፣ ሕዝቡ ይተራመሳል፣ አንዲት የማያውቃት ሴት ቤትህ ውሰደኝ ትለዋለች። ሰላይ ናት። የእንግሊዝን የአየር መከላከያ የሚመለከት ምስጢር ከአገር ሊወጣ እንደሆነ፣ ምስጢሩን ሊያወጡ ያሉት ሰላዮች አለቃም የአንድ ትንሽ ጣቱ ጫፍ እንደጎደለው ትነግረዋለች። ሌሊቱ ሳይነጋ ጀርባዋ ላይ ቢላዋ ተሰክቶ፣ የስኮትላንድ ካርታ እንደጨበጠች ትወድቃለች። ነፍሰ ገዳይ ተብሎ የሚፈለገው ሃኔይ ይሆናል።

ካርታው ላይ በተከበበው ስፍራ ፕሮፌሰር ጆርዳን የሚባል የተከበረ ሰው ይኖራል። ሃኔይ አምኖት ሁሉን ይዘረግፍለታል፤ ጣቱ የቱ እንደሆነም በግራ እጁ ያሳየዋል። ፕሮፌሰሩ ረጋ ብሎ ቀኝ እጁን ያነሳና ይህኛው እንዳይሆን ይለዋል። ጫፉ የለም። ሽጉጥ መዝዞ ሳለ ሚስቱ ምሳ ደርሷል ልትል ብቅ ትላለች፤ ሽጉጡን እያየች ቅንጣት አትደነግጥም። ያ አለመደንገጥ ከሽጉጡ ይልቅ ያስፈራል።

ተመልካች እንቆቅልሹ ተፈታ የሚለው እዚህ ጋ ነው። ግን «ማነው?» የሚለው ገና መግቢያ ነበር። ከሃኔይ ጋር በአንድ ካቴና ታስራ የነበረችው ፓሜላ ከስኮትላንድ ያርድ (ከለንደን ፖሊስ ዋና ቢሮ) ይዛ የምትመጣው መልስ ትክክለኛውን ጥያቄ ያወጣዋል፦ ከአየር ሚኒስቴር የጠፋ ወረቀት የለም። ወረቀት ካልጠፋ ምስጢሩ በምን ተይዞ ይወጣል?

መልሱ ፊልሙ ሲጀምር ተሰጥቶናል፤ ለዓይን ሳይሆን ለጆሮ። ሚስተር ሜሞሪ ወደ መድረክ ሲወጣ የሚጫወት ዜማ አለ። ሃኔይ በኋላ ያፏጨዋል፣ ከየት እንደያዘው ግን አያውቅም። መጨረሻ ላይ ለንደን ፓላዲየም ቴአትር ውስጥ ሲሰማው ይባንናል፦ ምስጢሩ ያለው በሚስተር ሜሞሪ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ዜማውን እኛም ከእሱ እኩል ሰምተናል፤ እሱ ያለው ፍንጭ ሁሉ በእጃችን ነበር። የተደገመውም በልኩ ነው፦ አንዴ ብቻ ቢሆን ይረሳል፣ ቢበዛ ያስነቃል።

በምርመራ ድርሰት በብዛት የሚበላሸው ይኸው ነው። ደራሲው እንዳይነቃበት ፈርቶ ፍንጩን እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ያፍነዋል፣ ከዚያ ያልታወቀ ደብዳቤ ወይም ድንገተኛ ኑዛዜ ያመጣል። ፍንጭ ቀድሞ መታየት አለበት፤ ሲታይ ግን ሌላ ሥራ ላይ መሆን አለበት። ዜማው መጀመሪያ አጃቢ ነው፣ ቀጥሎ የሰውየው አመል፣ ከዚያ ማስረጃ።

ጥይት ያስቆመው የመዝሙር መጽሐፍም በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው። ፕሮፌሰሩ ተኩሶ ሃኔይ ይወድቃል። ትዕይንቱ ሃኔይ ቀደም ብሎ በእንግድነት ወዳረፈበት ገበሬ ቤት ይዘላል፤ ባልየው መጽሐፌ የት አለ ሲል ሚስቱ ለእንግዳው በሰጠችው ኮት ኪስ ውስጥ እንደነበር ትናገራለች። ኮቱን ስትሰጠው አይተናል፤ ስለዚህ ዕድሉ የተጋነነ ቢሆንም እንቀበለዋለን። ያልተመለሰው ሌላ ነው፦ ሴትዮዋን የወጉት ሰዎች እዚያው ቤት የነበረውን ሃኔይን ለምን በሕይወት ተዉት? ፊልሙ ፈጥኖ ያልፈዋል፤ ቀዳዳ ነው።

ፊልሙ በተመሠረተበት፣ እ.ኤ.አ. በ1915 በወጣው የጆን ባካን ልብ ወለድ ደረጃዎቹ ወደ ባሕር የሚወርዱ እውነተኛ ደረጃዎች ናቸው፤ ሚስተር ሜሞሪም የለም። ፊልሙ ስሙን ለሰላዮቹ ማኅበር ሰጥቶ ሰውየውን ጨመረ። ዳዊት በቃል በሚደገምበት አገር ላደገ ተመልካች ይህ ሰው አይጠፋውም፤ ክብሩ ያለው የያዘውን ሳያዛንፍ መመለሱ ላይ ነው። ሃኔይ ፖሊስ ሊይዘው ሲል ሠላሳ ዘጠኙ ደረጃዎች ምንድን ናቸው ብሎ ይጮኻል። ሚስተር ሜሞሪ ዝም ማለት አይችልም፤ ይጀምራል፣ ፕሮፌሰሩ ከላይ ሆኖ ይተኩስበታል።

ከመድረክ ጀርባ ተኝቶ ድምፅ አልባውን የአውሮፕላን ሞተር ቀመር አንድ በአንድ ይወጣዋል፤ ከኋላው ሴቶች እግራቸውን እያነሱ ይደንሳሉ። ሲጨርስ ልክ ነኝ ወይ ብሎ ሃኔይን ይጠይቀዋል። የሃኔይ አንጓ ላይ ካቴናው እንደተንጠለጠለ ነው።