«ለልጆቹ ምናቸው ነዎት?»

እስቲ ፍረዱኝ። ስልኩ ከተቋረጠ ገና ሃያ ደቂቃ አልሞላም፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ባለቤቴ ልጆቹን እያስተኛ ነው። ትልቋ ግን እንቢ ብላለች፤ ከመኝታ ቤት ሆና «ማሚ፣ ተሳካ?» ትለኛለች። ምን ልበላት?

የኦርላንዶውን ጉዞ ታውቁታላችሁ፤ እዚሁ አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ያለው ዲዝኒ ዎርልድ የሚባለው የልጆች መዝናኛ ልንሄድ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያወራሁት እሱን ነው። ባለቤቴ ቅዳሜና እሁዱን ኦቨርታይም እየገባ፣ እኔ የሌሊት ሺፍት እየደረብኩ ያጠራቀምነው ብር ነው። ለልጅቷ ኬጂ ስትገባ ቃል ገባንላት፤ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ናት። ቃላችንን የምታስታውሰው ደግሞ እንደ አበዳሪ ነው።

ሰው ቲኬት ቆርጦ ዝም ብሎ የሚገባ ይመስለዋል። ዲዝኒ ዎርልድ እኮ አንድ ፓርክ አይደለም፣ አራት ነው። በ1971 የተከፈተው ማጂክ ኪንግደም አለ፣ ከዚያ ኤፕኮት፣ ሆሊውድ ስቱዲዮስ፣ አኒማል ኪንግደም። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ቀን ብትሰጡት እንኳ አራት ቀን ነው። ቁጭ ብለው የሚበሉበት ምግብ ቤት ቦታ የሚያዘው ከ60 ቀን በፊት ነው። ሰልፍ የሚያሳጥረው ክፍያ ሌላ ነው፤ እሱም በፓርኩ ሆቴል ለሚያድር ከ7 ቀን በፊት፣ ለእኛ ቢጤው ከ3 ቀን በፊት፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ይከፈታል። አንድ ሰዓት ላይ እኔ ከሌሊት ሥራ ወጥቼ አውቶቡስ ውስጥ ነኝ! ቲኬቱ ደግሞ እንደ ቀኑ ዋጋው ይለያያል፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይወደዳል። ተማሪ ልጅ ያለው ሠራተኛ ሌላ መቼ ሊሄድ ነው?

ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ በነፃ ይገባል። የኔ ትንሹ ማርች 14 ሦስት ይሞላዋል፤ የምንሄደው ማርች 30። በ16 ቀን! ከ3 እስከ 9 ዓመት ላለው የልጅ ቲኬት አለ፣ ግን ከአዋቂው የሚያንሰው በጥቂት ዶላር ነው። ስትሮለር ላይ ተኝቶ ለሚውል ልጅ ከመቶ ዶላር በላይ በቀን! ልደቱን ወደ ኋላ አልገፋው ነገር።

የልጅቷ ደግሞ ቁመት ነው። ስፔስ ማውንቴን የሚባለው በጨለማ የሚከንፍ የመጫወቻ ባቡር ላይ ለመውጣት 44 ኢንች መሙላት አለባት፤ 43 ናት። የወጥ ቤቱ በር መቃን ላይ በእርሳስ ምልክት አድርገንላታል፤ ጠዋት ጠዋት ተረከዟን ግድግዳ ላይ ለጥፋ «አደግኩ?» ትላለች። ድሮ እንቁላል ለማብላት አሳድዳት ነበር፤ አሁን ራሷ ጠይቃ ትበላለች። ይህችን ልጅ ነው እንግዲህ ዛሬ ያሳዘኑብኝ።

ጾሙንም አስቡት። አምና ፋሲካ ከፈረንጆቹ ጋር ኤፕሪል 20 አብሮ ዋለ፣ ተመስገን አልን። ዘንድሮ የእነሱ ኤፕሪል 5፣ የእኛ ኤፕሪል 12። ትምህርት ቤቱ የሚዘጋው በእነሱ ነው፤ ስለዚህ ጉዞው ሁዳዴ መጨረሻው ላይ፣ ከሆሳዕና በፊት ባለው ሳምንት ወደቀብን። ምግብ ይዞ መግባት መፈቀዱን ሳነብ እልል ብያለሁ። ጠርሙስና አልኮል እንጂ ምግብ አይከለከልም። ሽሮዬንና እንጀራዬን ቋጥሬ እገባለሁ ብዬ ነበር። ታላቅ እህቴ በስልክ «በዚህ ሁሉ ዶላር ለዲዝኒ አይጥ፣ ለሚኪ ማውስ ከምትከፍሉ አገር ቤት መጥታችሁ እማዬን አታዩአትም?» አለችኝ። እሱንም ዋጥኩት። የአራት ሰው የአውሮፕላን ትኬት ስንት እንደሆነ እሷ አታውቅም፤ እኔ ደግሞ እማዬን ሳላይ ስንት ዓመቴ እንደሆነ ሊነግረኝ የሚያስፈልግ ሰው የለም።

ወደ ዛሬው ልመለስ። በረራውን፣ ሆቴሉንና ቲኬቱን አንድ ላይ አድርጎ በቅናሽ የሚሸጥ አንድ ድርጅት አለ፤ ስሙን አልጠራም። «የቤተሰብ ፓኬጅ» ይላል። ፎርሙ ስማችንን አልቀበልም ሲለኝ ደወልኩ። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፤ ልጅቷ አጠገቤ ቀለም ትቀባለች።

«አራት መንገደኞች። ሁለት ቤተሰብ ናችሁ?» አለችኝ ሴትዮዋ።

«አንድ ነን። ባልና ሚስት፣ ከሁለት ልጆቻችን ጋር።»

«እዚህ የማየው ግን ሦስት የተለያየ ላስት ኔም ነው።»

በትዕግሥት አስረዳኋት። እኛ አገር ልጅ የሚጠራው በአባቱ ስም ነው፤ ሴትም ስታገባ ስሟን አትቀይርም፤ ስለዚህ እኔ የአባቴን፣ ባሌ የአባቱን፣ ልጆቹ የባሌን ስም ይዘዋል አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ፦

«እሺ ማዳም። ለልጆቹ ምናቸው ነዎት?»

«እናታቸው ነኝ።»

«ወላጅ እናት?»

ልጅቷ እርሳሷን አስቀመጠች። አየሁዋት። 26 ሰዓት ያማጥኩባትን ልጅ ፊት ለፊቴ አስቀምጬ «አዎ፣ ወላጅ እናት» አልኩ። ሴትዮዋ አላበቃችም። ቅናሹ ለአንድ ቤተሰብ ብቻ ነው አለች፤ እኔ ከልጆቹ ጋር በስም ስለማልገናኝ ከአባታቸው የተጻፈ የፈቃድ ደብዳቤ ያስፈልጋል አለች። ከቨርጂኒያ ፍሎሪዳ ለመሄድ! በአገር ውስጥ በረራ ላይ ከአዋቂ ጋር የሚሄድ ከ18 ዓመት በታች ልጅ በፍተሻው መታወቂያ እንኳን አይጠየቅም።

አባታቸው ሶፋው ላይ ነበር። ተነስቶ መጣ፣ «እኔ ነኝ አባታቸው፣ ፈቅጃለሁ» አለ። ስሙን ጠየቀችው፣ ነገራት።

«ሰር፣ የእርስዎም ላስት ኔም ከልጆቹ ጋር አንድ አይደለም።»

«የኔ ፈርስት ኔም ነው የነሱ ላስት ኔም።»

«ፈርስት ኔም ላስት ኔም ሊሆን አይችልም፣ ሰር።»

እግዚኦ! ሊሆን አይችልም አለችው! ከአያት ቅድመ አያቱ ጀምሮ የሆነውን። ባለቤቴ ሲናደድ ድምፁ ይወርዳል እንጂ አይጮህም፤ ዛሬ ጭራሽ ሊሰማ አልቻለም። ኃላፊ አገናኙን አልን። 40 ደቂቃ ሙዚቃ አሰሙንና መስመሩ ተቆረጠ። መልሼ ኮምፒውተሩን ብከፍት በዚያው መሀል ዋጋው ጨምሯል።

ይህ ነገር ዛሬ አልጀመረኝም። ትንሹን የወለድኩ ሌሊት ነርሷ የሕፃኑን ስም ስታይ «የአባትየው ስም ተሳስቷል» ብላ ልታስተካክለው ተነስታለች። ዴይኬር ልወስደው ስሄድ አዲስ ሠራተኛ በመጣች ቁጥር መታወቂያዬን ሁለቴ ታገላብጣለች። ክሊኒኩ በባሌ አባት ስም «ሚሲስ» ይለኛል። የባሌ አባት ሚስት አይደለሁም! ጓደኞቼ መክረውኝ ነበር፤ «ልጆቹን በአያታቸው ስም አስመዝግቡ፣ ከአባታቸው ጋር አንድ ይሆናል፣ ትገላገላላችሁ» ብለውኛል። ብዙ ሰው እንደዚያ አድርጓል፣ አልፈርድም። እኔ ግን ልጄ ስትጠራ አባቷ አብሮ እንዲጠራ ነው የፈለግኩት። አባቴ የሞተው እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው፤ አልቀበርኩትም። ስሙ ግን በየቀኑ ባጄ ላይ አለ። የትኛውን ልተው ነው?

ባለቤቴ አሁን ከመኝታ ቤት ወጣ። «ተይው በቃ፣ ለየብቻ እንቆርጠዋለን፤ በረራውንም ትተን በመኪና እንሄዳለን» ይላል። ከዚህ ኦርላንዶ በመኪና 13 ሰዓት ነው፣ ያውም ሳይቆሙ፤ ከሦስት ዓመት ልጅ ጋር። ምናልባት እሱን ነው የምናደርገው። ደክሞኛል። ለመናደድም አቅም አጣሁ፤ ከዚያ ደግሞ «ወላጅ እናት?» የሚለው ድምፅ ጆሮዬ ላይ ይመጣና እንደገና እሳት ይለቅብኛል።

ልጅቷ ልትተኛ ስትል ምን አለችኝ መሰላችሁ? «ማሚ፣ ያንቺን ስም ብይዝ ያስገቡን ነበር?» የልደት ሰርተፊኬቷን አውጥቼ አሳየኋት። ስሟ አለ፣ የአባቷ አለ፣ የእኔም አለ፣ ሦስታችንም አንድ ወረቀት ላይ። በጣቷ አንድ በአንድ ነካካችው። ወረቀቱን ትራሷ ስር ካላደረግኩት ብላ አስቸግራኝ በፌስታል ጠቅልዬ ሰጠኋት። ነገ ስደውል ከዚያ አውጥቼ ነው የማነበው።